ጾመው ይምጡ

«ደንቆሮ ነሽ ወይስ አባትሽን ጠልተሽው ነው?»

ነርሷ ይህን ያለችኝ አፍንጫዬ ሥር ቆማ ነው። በአንድ እጇ የአባቴን ጣት፣ በሌላው የስኳር መለኪያዋን ይዛ ቁጥሩን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። ቁጥሩ ባይገባኝም ፊቷ ገብቶኛል። አባቴ በመካከላችን ተቀምጦ፣

«ኧረ ልጄን አትቆጫት። ጾሜ ነው የመጣሁት» አለ።

«ምን በልተው ነው የመጡት?»

«ምንም። በሶ ብቻ።»

«በሶ!»

«በውኃ የተበጠበጠ ነው። ትንሽ ስኳር ጣል ተደርጎበታል እንጂ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። የነቢያት ጾም አይደል እንዴ? ‹ጾመው ይምጡ› ብላችሁ እናንተው ናችሁ የደወላችሁት።»

ነርሷ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። እናቴ በሶውን በውኃ ፕላስቲክ ሞልታ ኪሱ ውስጥ እንደከተተችለት፣ እሱም እኔ መስኮቱን ተደግፌ ተኝቼ ሳለ እስከ ሞጆ እንደጨረሰው ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀጠሮው ተሰረዘ። ከአሰላ በጨለማ ተነስተን አዲስ አበባ ድረስ የመጣንለት የምርመራ ማሽን በሩን እንኳ ሳያሳየን መለሰን።

አባቴ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። በልጅነቱ ከወልቂጤ በኩል መጥቶ አሰላ ቀረ፤ መጀመሪያ ማሽን አጠበ፣ ቀጥሎ ጠገነ፣ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ወጣና አልወርድ አለ። አሁን የሚነዳው ግማሹ የእሱ ነው። ግማሹ ደግሞ የሸሪኩ ነው፤ የዲክሲስ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ለእኔ ከአጎት የማይተናነሱ ሰው። በየዓመቱ እህሉ ቀድሞ በሚደርስበት በዴራ ቆላ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ኢተያ፣ ከዚያ ስንዴው እየቀላ ሲሄድ ሽቅብ እየተከተሉት ዲክሲስ ይወጣሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቤ ስላልመጣ አሰላ ላይ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን። ሱቁ ውስጥ ከቆምኩ ግን አንድ ነገር ካላነሳሁ ካልጣልኩ አይሆንልኝም። «መቀመጫሽ መሬት አይነካም» ትለኛለች እናቴ።

ነገሩ የጀመረው ኢተያ ነው። ሸሪኩ ሱቅ ድረስ ደወሉልኝ።

«ያ ኢንተላ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ እንደዚያ ነው። «አባትሽ ደም እየሸና ነው።»

«ምን?»

«ቀይ ሥር በልቼ ነው ይላል። እኔ ደግሞ አብሬው ነው የምበላው፤ ቀይ ሥር የሚባል ነገር ከበላን ከርመናል። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ቢሆንም ስምል ቀልቤን አላስገባሁበትም።»

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። አባቴ ከማሽኑ ላይ ሆኖ አየኝ፣ ከዚያ ሸሪኩን አየ፤ ሸሪኩ ደግሞ ስንዴውን ማየት ጀመሩ። እንደምንም አሰላ አመጣሁት። አልትራሳውንድ የግራ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ አለ አለ። አዳማ ሄደን ሲቲ ተነሳ። ሲቲው ዕጢውን አጉልቶ አሳየና ያልጠየቅነውንም ጨመረልን፤ ከጎን አጥንቶቹ አንዱ ላይ ነጠብጣብ።

የአሰላው ሐኪም ወጣት ነው። ሲያወራ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ወድቀው ያውቃሉ? ጎንዎን ተመተው?»

«መሬት ወድቃ እንደሆነ እንጃ እንጂ እኔ ወድቄ አላውቅም» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። ነጠብጣቡ የድሮ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ከኩላሊቱ ተነስቶ የሄደ ነገርም ሊሆን ይችላል። ስብራት ከሆነ ኩላሊቱን ማውጣት ነው፤ ሰው ባንድ ኩላሊት ይኖራል። የሄደ ነገር ከሆነ ግን ማውጣቱ ብቻውን አያድንም፣ መንገዱ ሌላ ነው። ሌላ የሚባለውን መንገድ እሱ አልዘረዘረውም። እኔ በር ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

«አዲስ አበባ የሚለይልን ማሽን አለ» አለ ሐኪሙ። «ሁለት ማሽን ባንድ ላይ ነው። አንደኛው የሰውነትን ቅርጽ ያነሳል። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ነገር እየሠራ ነው ወይስ ተኝቷል የሚለውን ያሳያል። ትንሽ ጨረር ያለበት ስኳር በደም ሥር ይሰጥዎታል። ዕጢ ስኳር ይወዳል፤ የበላበት ቦታ ላይ ይበራል። የድሮ ስብራት አይበላም፣ አይበራም።»

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ቀና አለ። «አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይወቃል። ታዲያ ኮምባይነር ነው አትለኝም?»

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እቤታችን የማሽኑ ስም ኮምባይነር ሆነ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የሚያውቅ እሱ አንድዬ ነው» ብላ አማተበች። «ደግሞ ሰው በማሽን ልወቅ አለ?»

ቀጠሮውን በስልክ የነገሩት ለአባቴ ነው። ሞተር እየጮኸ ነው ያናገራቸው። ሌላም ነገር ብለውት ይሆናል፤ ከዚያ ሁሉ የተሰማው ግን «ጾመው ይምጡ» የሚለው ነው። እሱ ደግሞ ጾመኛ ነው። ስለ ምን ይጠይቃል? ከሥጋና ከወተት ከታቀበ ጾመ። በሶ ደግሞ የጾም ምግብ ነው።

ተመልሰን በመጣን ማግስት ሸሪኩ ሊጠይቁን መጡ። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ሶፋው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

«ወላሂ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የጾሙ ነው! የእኛን ጾም እኮ ነው ያሉህ! የእናንተማ ምን ጾም ነው፣ በልተው የሚጾሙት?»

«የእናንተስ?» አለ አባቴ። «ሌሊቱን ስትበሉ አድራችሁ!»

«ቢሆንም ቀኑን ጎተራው ባዶ ነው። ኮምባይነሩ የሚፈልገው ባዶ ጎተራ ነው። ስኳሩን ጠጥተህ ሄደህ ስኳር ብትወጋ፣ የቱ ስኳር የት እንደገባ በምን ይለዩት?»

ለእኔ ነርሷ ተቆጥታ ያላስረዳችኝን እሳቸው በሳቅ አስረዱኝ። እናቴ ግን ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ነበር። «በእጄ አጠጣሁት» ትላለች። «ምን አጠጣሽው፣ በሶ ነው፣ መርዝ አይደል» ብላትም አልተወችም። የበሶውን ዱቄት ከነዕቃው ለጎረቤት ሰጠችው።

ሸሪኩን ልሸኝ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ያ ኢንተላ፣ ሌላም የማልኩት ነገር ነበር።»

«ምን?»

«ወድቋል። አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ፣ ዲክሲስ፣ ከማሽኑ መሰላል ላይ። በጎኑ ብረቱ ላይ ነው ያረፈው። ጭዱ ላይ አስተኛነው፣ መተንፈስ አቅቶት ነበር። ከዚያ በጋቢ ጥፍር አድርገን አሰርንለትና ማሳውን ጨረሰ።»

«እንዴት አይነገረንም?»

«እናትህ… እናትሽ ማለቴ፣ ከማሽኑ ላይ ታወርደኛለች ብሎ ነዋ።»

እየተንደረደርኩ ገባሁ። «አባዬ፣ ወድቀሃል!»

አባቴ በመስኮቱ ሸሪኩን ፈለገ። «ሰውዬው ሸሪክ ነው ወይስ ሬዲዮ?»

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ደስ የሚል ወሬ ነው አለኝ፤ ሆኖም አጥንት በወሬ አይጣራም፣ ማሽኑ ይየው አለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ገበሬ መጥቶ ቺንጋ ሲጠይቀኝ ኩሽኔታ እሰጣለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የአባቴ አጥንት ተሰብሯል ሲባል እሪ ባልኩ ነበር። አሁን ሰባራ እንዲሆን ተሳልኩ። አሰላ ማርያም በር ላይ ቆሜ «እባክሽ ሰባራ ይሁን» አልኩ፤ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ሰምታኝ ራቅ አለች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ሸሪኩ ዘበኛ ሆነው አብረውን ተሳፈሩ። እራቱን ማታ ሥጋ የሌለው፣ ጣፋጭ የሌለው፣ ምኑም የሌለው በልቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ። አዳማ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንዷ ሻጭ ሸንኮራ በመስኮት አሾልካ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሸሪኩ ከላዩ ላይ ነጥቀው መለሱላት።

«ዛሬ ሰልሟል! አይበላም!»

አውቶቡሱ በሳቅ አለቀ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «አላህ ይቀበለው» አሉ። አባቴ «አሜን» አለ። እኔ ብቻ መሳቅ አቃተኝ፤ ጣቴ ላይ ያለውን ቆዳ እየላጥኩ አዲስ አበባ ደረስን።

ያቺው ነርስ ነበረች። አየችን፣ አወቀችን። ጣቱን ወጋች። መለኪያው እስኪያነብ ድረስ በትከሻዋ ላይ አንገቴን አሰገግሁ።

«ዛሬስ ምን ጾም ነው የጾሙት?» አለችው።

አባቴ በአገጩ ሸሪኩን አመለከተ። «የሱን።»

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ነበር ያፈነችው። «ደህና ነው። ይግቡ።»

መርፌውን ከወጉት በኋላ ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ አስተኙት። እንዳይንቀሳቀስ፣ እንዳያወራ። ጡንቻም ከሠራ ስኳሩን ይስባል አሉ። አባቴ ሞተር እየጮኸ እንኳ የሚያወራ ሰው ነው፤ ከማሳ ዳር ሆኖ የሚሰማው ባይኖር ከማሽኑ ጋር ያወራል። በበሩ መስታወት ሳየው እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን ያያል። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ዝም ማለት የሚችል ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። መስታወቱን በጥፍሬ መታሁ። ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረና ጠቀሰኝ። ነርሷ ክርኔን ይዛ ከበሩ አራቀችኝ።

ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሲያበቃ አንድ በር ተከፍቶ ቀረ። ማንም አልጠራኝም፤ ገባሁ። ባለሙያው ጀርባውን ሰጥቶኝ ስክሪን ላይ ያያል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰው ቆሟል፣ አባቴ ነው፤ ትከሻው የአባቴ ነው። ጭንቅላቱ እንደ ፋኖስ በርቷል። ሆዱ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ፍም። ከታች ደግሞ አንድ ትልቅ እሳት።

«ሁለቱም?» አልኩ። ጮኼ ኖሯል። «ሁለቱም ኩላሊት? ጭንቅላቱም?»

ባለሙያው ደንግጦ ዞረ። «አንቺን ማን አስገባሽ?»

«ራሴ ነኝ። በርቷል እኮ፣ በሙሉ በርቷል!»

«ተረጋጊ። የአንቺም ቢነሳ እንደዚህ ነው የሚበራው። አንጎል ስኳር ይበላል። ኩላሊት ደግሞ የተወጋውን ያጣራል፣ የሚታይሽ ሽንት ነው፤ ያ ታች ያለው ፊኛ ነው። የጤነኛም ኩላሊት ይበራል።»

«የጎን አጥንቱስ?»

«እሱን ሐኪም ነው የሚያነበው። ውጪ።»

ከመውጣቴ በፊት ጎኑ ላይ ለማየት ሞከርኩ። ብርሃንም ጥላም መሰለኝ። እስከ አሰላ ድረስ በዓይኔ ይዤው መጣሁ፤ ስጨፍን አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።

ለዛሬ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት ራቅ ይበሉ ብለውት ነበር። ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል አባቴ ዘሎ ተነሳ። «እኅቴ፣ አትቅረቢኝ! አበራለሁ!» ሴትዮዋ ጠበል እንደሚያስፈልገው ሰው አየችው። ሸሪኩ ከመካከል ገብተው እስከ ኢተያ ድረስ ነገሩን አስረዷት፤ ኮምባይነሩን፣ በሶውን፣ ጾሙን፣ ሁሉን። ስትወርድ «እግዜር ይማርልሽ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን አባቴ ላይ ነበር።

ውጤቱ መጣ ተብሎ ሐኪሙ ጋ ስንገባ እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አልነካውም። በመጥፎ ተረጎምኩት።

«የጎን አጥንቱ አልበራም» አለ። «ድሮ ተሰብሮ የዳነ ነው። ሌላም ቦታ የሄደ ነገር አልታየም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ መናገር ፈለግሁና የወጣኝ «ተመስገን፣ ሰባራ ነው» የሚል ነበር። አባቴ ጎኑን በእጁ መታ መታ አደረገ፣ የታመነ በሬ እንደሚያሞግስ ሰው።

«ኩላሊቱስ?» አለ።

«ኩላሊት ላይ ይህ ማሽን ብዙ አይመሰክርም። ሽንቱ ራሱ ስለሚበራ ዕጢውን ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ አንዳንዱ የኩላሊት ዕጢ ቢከፋም ደምቆ አይበራም። እኛ የምንሄደው በሲቲው ነው። ሲቲው ላይ ያየነው መውጣት አለበት። ቀዶ ሐኪሙ ለሰኞ ተራ ይዞልዎታል። እሑድ ይተኛሉ። ተራው ካለፈ መቼ እንደሚገኝ ቃል አልገባም፣ ዕጢው ደግሞ አይጠብቅም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነ፣ ተጨባበጠ። በሩን እንደወጣን ግን ኮቱን አስተካከለና፣

«አይመሰክርም አለ፣ ሰምታችኋል» አለን። «ምስክር የሌለው ክስ ነው። ዲክሲስ ማሳው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ደመናውን እዩት። ዝናብ ከነካው ስንዴው ያልቃል። ጨርሼ እመጣለሁ።»

«አባዬ፣ ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው።»

«እኔም ጆሮ አለኝ።»

«ጆሮህማ ጾመው ይምጡ ሲሉህ በሶ የሰማ ጆሮ ነው!»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባቴ እቤት እስክንደርስ ከፊታችን ቀድሞ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንት ቤት ቆይቶ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሳላንኳኳ ገብቼ አየሁ፤ ውኃውን ጥሩ አድርጎ አልደፋውም ነበር፣ ደሙ ቀርቷል። ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነው። የሥራ ጫማውን።

ሸሪኩ ጋ ደወልኩ፤ ድምፃቸውን እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። «ጋሼ፣ ማሳውን ያለ እሱ መጨረስ ይቻላል?»

«የወንድሜ ልጅ ይነዳዋል፣ ጎበዝ ነው» አሉ። «ችግሩ ቁልፉ ነው። ቁልፉን አባትሽ ለነፍሱም አይሰጥም።»

«ዝጊው» አለ አባቴ።

ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሄጄ ኪሱ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ቁልፉ በአሮጌ የቺንጋ ጎማ ቁራጭ የታሰረ ነው፤ ልጅ ሆኜ ራሴ ያሰርኩለት።

«አስቀምጪ።»

«አላስቀምጥም።»

«አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ የእኔ ነው።»

«ኩላሊቱም የአንተ ነው። አንዱን ምረጥ።»

ሊነሳ ሞከረ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎኑን ይዞ መልሶ ተቀመጠ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁለታችንንም አየችና ከበሩ ገለል አለች።

«ቁልፉን ለሸሪክህ የወንድም ልጅ ላደርስ ነው፤ እሑድ ማታ ሐኪም ቤት ካላገኘሁህ ግን ተቀብዬ ዲክሲስ ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ» አልኩት።

ጫማውን አየ፤ አንዱ ታስሯል፣ አንዱ ተፈቷል። ግቢውን አቋርጬ በሩን ስከፍት ድምፁ ከኋላዬ መጣ።

«አንቺ!»

ቆምኩ። አልዞርኩም።

«ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል በይው። ሁለት ጊዜ ይርገጠው።»

መናኸሪያው ላይ የዲክሲስ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ገባሁ። ረዳቱ በሩን ሳበው።